ፌዝ የተሠራበት ሕንፃ

የካቲት 24፣ ሰኞ። ከንጋቱ 11፡40

ወለሉ ተወልውሏል። አጃው እሳት ላይ ነው። የዳይፐር መቀየሪያው ሁለቴ ተጠርጓል። ሃያ ደቂቃ አለኝ። ዮናታን ልክ በ12 ይደርሳል፤ እናቱ ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ነርስ ናት፣ መኪናዋን ሳታጠፋ ልጁን አስረክባኝ ትበራለች።

ደብተሬ፣ ያልነገርኩህ አለ። ባለፈው ሳምንት የስቴቱ ኢንስፔክተር ሳታስታውቅ መጣች። ፍሪጅ ከፈተች፣ የሶኬት መሸፈኛ ነካካች፣ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቷ ጠርጋ ጣቷን አየችው። ምንም። ወረቀቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጉራ ነው። ጥሩወርቅ ቤት መሬት የወደቀ ዳቦ አንስቶ የበላ ልጅ አይታመምም።

ግን የሕፃናት መዋያ ፈቃዴ ለስድስት ልጅ ነው። እዚህ አሜሪካ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከዚያ በላይ አይቻልም። ተራ የሚጠብቁት እናቶች በየሳምንቱ ይደውላሉ። ስለዚህ ሕንፃ ልገዛ ነው! የእትዬ ሸዋዬን፣ ድሮ ላውንደሪያቸው የነበረውን፣ ኖርክሮስ ያለውን፣ ጎማ ቤቱ አጠገብ። አራት ትልልቅ መስኮት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት። እትዬ ሸዋዬ የፌቨን ክርስትና እናት ናቸው፣ አበልጄ። ስንቱ ሲለምናቸው ለአንቺ ነው ያሉኝ። ደላላ የለ፣ ምን የለ፣ ቃል ብቻ። ቃላቸው ደግሞ አይታጠፍም።

ዓርብ የባንኩ ሰውዬ ደወለ። ከብድሩ በፊት ፌዝ ዋን ያስፈልጋል አለኝ። ሳቄ መጣ። ፌዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በቁጥር የሆነው? ፌቨንን ጠየቅኳት። ልጄ ኢንጂነር ናት፤ ሥራዋ ይኸው ነው፣ መሬትና ውሃ ማስመርመር። ደንዉዲ ቢሮ አላት፣ በሩ ላይ ስሟ ተጽፏል፣ አራት ጊዜ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ፌዝ ማለት ደረጃ ማለት ነው አለች። ደረጃ አንድ። ሳይቆፈር የቦታውን ታሪክ ማጣራት፤ ማን ነበረበት፣ ምን ሠራበት፣ መሬቱ ላይ የተደፋ መርዝ ይኖር ይሆን። በቃ አንቺው ሥሪልኝ አልኳት። አይሆንም፣ ኮንፍሊክት ነው፣ ለእናቴ ብፈርም ማን ያምነኛል አለች። ተናደድኩ። ለእናቷ ካልሠራች ለማን ልትሠራ ነው? አጃውን ሳማስል ግን ኮራሁ። በእናቷም የማትደለል ልጅ ነው ያሳደግኩት።

መኪና ገባ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ። ልጆቹ ተኝተዋል

ጉድ ሠራሁ።

ለእትዬ ሸዋዬ ደወልኩ። በጥድፊያ። አንዱን አቅፌ፣ አንዷ ቀሚሴን እየጎተተች። ከመፈራረማችን በፊት ሕንፃው ላይ ፌዝ ይሠራበታል አልኳቸው፣ የሚሠራውንም ሰውዬ ፌቨን መርጣዋለች። ተቆጡ። ከዚያ፣ «ሠላሳ ዓመት በደከምኩበት ቤት ላይ ነው ፌዝ የምትሠሩት? ያውም ክርስትና ያነሳኋት ልጅ?» ስልኩ ተዘጋ።

መልሼ ደወልኩ። አያነሱም። እንደገና። አያነሱም። ቴክስት እንዳላደርግ አያነቡም። በጾም ሰው ማስቀየም! ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይደረግ።

ለፌቨን ስነግራት 285 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዟት ቆማለች። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቢሮ ውስጥ በቀን ሃያ ጊዜ የምትጠራው ቃል ነው፣ አንድ ቀን በአማርኛ ሰምታው አታውቅም። አይሳቅም አልኳት። ከዚያ ራሴም ሳቅኩ። እግ/ር ይቅር ይበለኝ።

የካቲት 30፣ እሑድ። ከሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ ፌቨንን ይዤ ቤ/ክ ደጅ ላይ ጠበቅኳቸው። አይተው እንዳላዩ ሊያልፉ ሲሉ ፌቨን ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ቃሉ የእንግሊዝኛ መሆኑን አስረዳች፣ ባንክ ነው የሚጠይቀው አለች። «እርስዎ አይደለሽም የምትመረመሪው፣ ቤቱ ነው» አለቻቸው። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። እትዬ ሸዋዬም ሳቃቸው አመለጣቸው።

ቃሉ ቢገባቸውም ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። አበልጅ ለአበልጅ ቃል ሰጥቶ በላዩ መርማሪ ይላካል? ላውንደሪዬ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ ቤቱ ንጹሕ ነው ካልኩ ንጹሕ ነው አሉ። ፌቨን ፈገግ እያለች አልለቀቀቻቸውም። በመጨረሻ ይመርምሩ አሉ፣ ጉንጯን ቸብ ቸብ አድርገው።

ኩራቴ ዛሬ አላስቀምጥ ብሎኛል። እኔ በስደት ገዳሪፍ ለዱቄት ተሰልፌ በጣት አሻራ የፈረምኩ ሰው፤ ልጄ ባንክና ሽማግሌ ታስታርቃለች። ምሳ በወጉ አልበላሁም፣ ለሰው በስልክ ሳወራ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ። 10 ሰዓት

መርማሪው መጣ። ግሬግ ይባላል። ዝምተኛ፣ ትልቅ ቡትስ፣ ትንሽ ማስታወሻ። ደብተር የሚይዝ ሰው ደስ ይለኛል። የድሮ የከተማ ማውጫ ኮፒ ይዟል፤ ቦታው ላውንደሪ እንደነበረ ሳልነግረው ያውቃል። በኬሚካል የሚያጥበው ማሽን ከፊት በኩል እንደነበረ ከወለሉ ብሎኖች ለየ። ለባንኩ ደረጃ ሁለትም ያስፈልጋል ብዬ መጻፌ አይቀርም አለ፣ ማለት መቆፈር፣ አፈሩንና ከወለሉ ሥር ያለውን አየር ላብራቶሪ መስደድ። እሱ እንደሚገምተው የሚቆፈረው ማሽኑ የነበረበት ጋ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። እዚህ ሠርተሽ ነበር ወይ? አዎ፣ አሜሪካ እንደገባሁ፣ አራት ዓመት። ምን ትሠሪ ነበር? ልብስ እተኩስ ነበር። የማሽኑን ቆሻሻ ውሃ ማን ነበር የሚያወጣው?

አላውቅም አልኩ።

ጻፈው። እዚያው ፊቴ ጻፈው።

ደብተሬ፣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

ኬሚካሉን ፐርክ እንለው ነበር። ሽታው ጣፋጭ፣ ራስ የሚያዞር። ከማሽኑ ሥር ባልዲ አለ፣ የተነካካ ውሃ እየተንጠባጠበ ይጠራቀምበታል። ሊዘጋ ሲል ድፊው ይሉኛል እትዬ ሸዋዬ። የት እንደሚደፋ የነገረን የለም፣ የጠየቀም የለም። ሌሎቹ ሴቶች ሲንክ ውስጥ ይገለብጡታል። እኔ ሲንኬን እንዳያቆሽሽብኝ ወደ ጓሮ አወጣዋለሁ። ከጓሮ በር በስተግራ፣ ስሚንቶው የሚያልቅበት ጋ። ደፍቼም አልተው፣ በላዩ ንጹሕ ውሃ በባልዲ በባልዲ እያወረድኩ እጠርገዋለሁ፣ ወደ አፈሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ጥሩወርቅ የሚያጸዳ የለም ይሉ ነበር እትዬ ሸዋዬ። እንዴት እኮራ ነበር! አራት ዓመት ሙሉ እየኮራሁ ደፋሁት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ። የልጆች እንቅልፍ ሰዓት

ፌቨን በምሳ ሰዓቷ ደወለች። እንደ ዘበት ጠየቅኳት። ኬሚካል መሬት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ይቆያል እንዴ? ይቆያል፣ ከዚያም በላይ። አፈር አይበላውም? አይበላውም፤ እሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ትነቱ ሽቅብ ይመጣል፣ በወለል ስንጥቅ ይገባል። ይሸታል? በትንሹ ሲሆን አይሸትም። ማንን ይጎዳል? ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ የሚውል ሰውን፣ በተለይ ትንሽ ከሆነ። ከተገዛ በኋላ ቢገኝስ? ሕጉ የደፋውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ባለቤቱንም ነው። ሳይመረምር የገዛ ወይም እያወቀ ዝም ያለ መከላከያ የለውም። የሚያሳዝነው፣ አለች፣ እንዲህ ያለ ቦታ የሠሩ ሰዎች አይገኙም፤ ሞተዋል ወይ ሄደዋል፣ ስለዚህ በግምት እንቆፍራለን።

ከዚያ፣ እማዬ አንቺ መተኮስ ብቻ ነበር የምትሠሪው አይደል? አለች።

አዎ አልኳት። መተኮስ ብቻ።

ለመርማሪ መዋሸት አንድ ነገር ነው። ለልጄ!

አሁን ስድስቱም ፍራሻቸው ላይ ናቸው። ዮናታን ተንከባሎ ጉንጩን ወለሉ ላይ ለጥፎ ተኝቷል፣ አፉ ተከፍቶ። አንስቼ መለስኩት። እንደገና ተንከባለለ።

ብናገር፦ ሕንፃው ቀረ። የእትዬ ሸዋዬ ጡረታም እሱ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬን የሰጡኝ፣ ፌቨንን ሳረግዝ ቁጭ ብዬ እንድተኩስ ወንበር ያመጡልኝ ሴት። ልወልድ በቀረብኩባት ወር ነው ባልዲውን ከእጄ የነጠቁኝ፣ ከባድ ነው ብለው እንጂ መርዝ መሆኑን አውቀው አይደለም። ባልናገር፦ ግሬግ ከፊት ይቆፍራል፣ ምናልባት ደህና ነው ይላል። ቁልፉ እጄ ይገባል። የጓሮውን ክፍል ለጨቅሎቹ ነበር ያሰብኩት። ቀለሙን ሁሉ መርጫለሁ።

አልጋ ሳይሆን ወለል ነው የሚወዱት፣ እነዚህ ልጆች።

መጋቢት 14፣ እሑድ። ከሰዓት

ከጀርባቸው አልናገርም ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። በአካል። ለብቻዬ። ያለ መግቢያ፣ የባልዲውን ነገር ለመርማሪው ልነግር ነው አልኳቸው።

መጀመሪያ ረስተውታል። ከዚያ ትዝ አላቸው፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ማን ያስታውሰዋል አሉ። እኔ። ማን ጠየቀሽ? ሰውዬው፤ አላውቅም ብዬዋለሁ። አላውቅም ካልሽማ አለቀ፣ ሆድ ይፍጀው። ሆዴማ አልፈጀውም አልኳቸው፣ ይኸው ስምንት ቀኑ። በኋላ ተቆጡ። እኔን ልታስከስሺ ነው? ለሰው ሀገር ሕግ? እጅሽን ይዤ ሥራ ያስተማርኩሽ እኔ፤ አሁን በእርጅናዬ መርዘኛ ልታስብዪኝ? እኔም እንደሳቸው ነኝ፣ አፌ አያርፍም። ልጆች የሚተኙት እኔ የደፋሁበት ላይ ነው፣ ዝም ብዬ ላስተኛቸው ወይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ቆፍሩት አሉ በመጨረሻ። ይመርምሩ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ግን ከእንግዲህ አበልጄ አትበዪኝ።

ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ፣ መሪውን ይዤ። ፓርክ ያደረግኩት የሰው ቦታ ላይ ኖሯል፣ ጡሩንባ ነፉብኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ

ለፌቨን ነገርኳት። ቪዲዮ ላይ። መተኮስ ብቻ አልነበረም አልኳት። ሁሉንም። ከስክሪኑ ጠፋች፣ ጣሪያ ብቻ ይታየኛል። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ እላለሁ። ስታለቅስ ኖሯል። እኔም መርዝ የደፋች እናት ስላላት አፍራ መሰለኝ። አይደለም። አራት ዓመት በባዶ እጅሽ ይዘሽው ነበር? ጓንት አልሰጡሽም? ነው ጥያቄዋ። እኔ ስለ አፈሩ እሷ ስለ እጄ።

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ኢንጂነር ሆነች። ለግሬግ ራስሽ ደውዪ፣ እኔ መግባት የለብኝም። ደወልኩ። በራሴ እንግሊዝኛ። አላውቅም ያልኩት ውሸት ነው አልኩት። እሺ አለ፣ ጻፈ፣ አመሰገነኝ። ሌላ ምንም። እኔ ፖሊስ ይመጣል ብዬ ነበር።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ቁልፉን እትዬ ሸዋዬ በልጃቸው ላኩት። መልእክት የለም።

ሁለት ሰዎች መቆፈሪያ በመኪና ይዘው መጡ። ግሬግ የት አለኝ። ከጓሮ በር በስተግራ አምስት እርምጃ ሄጄ በጫማዬ ጫፍ ነካሁት። እዚህ። እርግጠኛ ነሽ? ባልዲውን እያወዛወዝኩ ስንት ጊዜ እንደመጣሁ እግሬ ያውቃል። ቀጭን ቱቦ አስገብተው አፈር አወጡ፣ በብልቃጥ በብልቃጥ፣ ስም ለጥፈው። ከውስጥም የጓሮው ክፍል ወለል ላይ ጣት የሚያህል ቀዳዳ በሱ፣ ለአየሩ። ያቺ ቀለም የመረጥኩላት ክፍሌ። ቆሜ አየሁ። ጠጋ ልበል ብል ከለከሉኝ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ። ረፋድ

ግሬግ ደወለ። መርዙ አለ። ብዙ አለ። እኔ ባሳየሁት ቦታ አፈሩ ውስጥ፣ በጓሮው ክፍል ወለል ሥር ያለው አየር ውስጥ። ማሽኑ የነበረበት ከፊት በኩል? ከቁም ነገር የሚገባ የለም። እሱ ያሰበው እዚያ ብቻ መቆፈር ነበር። አንቺ ባትናገሪ ይህን አላገኘውም ነበር አለ፣ በዚያ በደረቅ ድምፁ።

ቁጭ አልኩ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ። አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ አላውቀውም ምን እንደሆንኩ። ሕንፃዬ! መስኮቶቹ! ደግሞ ጨቅሎቹን፣ እኔ በገዛ እጄ... እግ/ር ሆይ፣ ተመስገን። በጣም ነው የተናደድኩት። በጣም ነው የኮራሁት። ሁለቱም አንድ ላይ ሆድ ውስጥ ይገባሉ ለካ።

መታጠቢያ ቤቱን ሁለት ጊዜ አጠብኩ። ንዴቴ እጄ ላይ ነው የሚወጣው።

መጋቢት 28፣ እሑድ። 9 ሰዓት

በር ተንኳኳ። እትዬ ሸዋዬ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከቤ/ክ በቀጥታ። ይግቡ ብል አልቀመጥም አሉ። ቆመው፦ «ድፊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ይቺን አንዲት ቃል ከጉሮሮዬ ማውጣት አቃተኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። እሳቸው ይቅር በዪኝ፣ እኔ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ፣ ደጁ ላይ ተያይዘን። ጎረቤቴ ውሻዋን ይዛ ቆማ ታየናለች። ሰው የሞተብን መስሏት ነው መሰለኝ ሶሪ አለችን።

ከዚያ ተቀመጡ፣ የልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ፣ ሌላ አልታያቸው ብሎ። ዘረገፉት። አንድ ሰውዬ ሳላስመረምር ልግዛ፣ ክሎዚንጉ፣ ማለት ርክክቡ፣ በአሥር ቀን ብሏቸዋል። ልጃቸው ሽጪለት እያለ ነው። እምቢ አሉ። ለማያውቅ ሰው አውቄ አላስታቅፍም አሉ። ፌቨን በስልክ ገባች፤ ለስቴቱ አስታውቆ የማጽዳት ዕቅድ ማስገባት እንደሚቻል፣ ጠበቃ እንደሚያስፈልግ፣ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ለመጋዘን እንጂ ለሕፃናት ቶሎ እንደማይሆን አስረዳች። እትዬ ሸዋዬ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ይህኛው ስንተኛው ፌዝ ነው ብለው ጠየቋት። ዛሬ እርስዎ እያለች ጨረሰች፣ አንድም አልሳተች። ለካ ተለማምዳለች።

አበልጄ ብለው ተሰናበቱኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ። ከንጋቱ 11፡30

አልገዛም። ለባንኩ ትናንት ጻፍኩ። ሌላ ሕንፃ እፈልጋለሁ፣ በደረጃ አንድ የምጀምር፣ አሁንማ ጥያቄዎቹን ራሴ አውቃቸዋለሁ። እስከዚያ ስድስት ልጅ ስድስት ልጅ ነው።

ለወላጆቹም ነገርኩ፣ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ በየተራ። ሕንፃው እንደቀረ ብቻ ማለት እችል ነበር። ለምን እንደቀረ፣ ማን እንደደፋው ጭምር ተናገርኩ።  መርዝ የምትደፋ ሴት ጋ ልጄን አልተውም ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? የዮናታን እናት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ ነገ ቀደም ብዬ በ11፡50 ላምጣው ወይ አለችኝ። አምጪው አልኳት።

ሪፖርቱ ማታ ደረሰኝ። ወፍራም። ፌቨን እየተረጎመች አነበብነው። አንዱ ገጽ ላይ፣ አንዲት የቀድሞ ሠራተኛ ባመለከተችው ቦታ ይላል።

አንዲት? አንዲት ማን?

ለግሬግ በስፒከር ደወልን። ስም የማንጽፈው ሰውን ለመጠበቅ ነው አለ። ከምን ሊጠብቀኝ ነው? ፌቨን በአማርኛ ጣልቃ ገባች፤ እማዬ አስቢበት፣ ፋይሉ ይቀመጣል፣ ያን መሬት የሚገዛ ሁሉ ያነበዋል። ያንብበዋ አልኳት። ይህ ሰውዬ ሥራውን በእኔ እግር ሠርቶ አንዲት ሊለኝ? የደፋችው ሴት ንጹሕ ሴት እንደነበረች፣ ሳታውቅ እንደደፋች፣ ስታውቅ ደግሞ መጥታ እንዳሳየች ይወቁ።

እሺ ስፔል አድርጊልኝ አለ። የጻፈውን መልሶ ሲያነበው ትሩ ወርክ ሆኖ ቁጭ አለ። ፌቨን ሳቀች። ወርክ አይደለም በዪው፣ ወርቅ ነው። አስተካከለ። የአባትሽንስ አለ።

ጥሩወርቅ በላይነህ። ደፋሁት፤ አሳየሁ። ሁለቱም ይጻፍ።